ሐይቅን ሳይራቆት ስለ መዝጋት

የዓሣ ማስገርን ሥራ ዘመኑ ሳይፈጸም፣ መረቡም ገና እየሞላ ሳለ «እስከዚህ ይበቃል» ብሎ መዝጋት ለአንድ አስተዳዳሪ ከሚቀርቡለት ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም ዘጊው ለሕዝቡ አውጥቶ የሚያሳየው ጥፋት ገና ስላልደረሰና በእጁ ያለው ማስረጃ አንድ ቍጥርና አንድ ሥጋት ብቻ ስለ ሆነ ነው። ዓሣው ካለቀ በኋላ መዝጋትስ የማንንም ድፍረት አይጠይቅም፤ ያን ጊዜ ሐይቁ አስቀድሞ ራሱን ዘግቷልና የመንግሥት ማስታወቂያ የሚጨምርበት ነገር የለም። በጊዜ በመዝጋትና ጊዜው ካለፈ በኋላ በመዝጋት መካከል ያለው ርቀት ስንት ቤተ ሰብ እንደሚያስርብ፣ ስንት ዓመትም እንደሚያስከፍል፣ በ2016 ዓ.ም. የግንቦትና የሰኔ ወራት ዓለም ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ችሎ ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት 7 ቀን ታንዛንያ በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ያለውን የማስገር ሥራ እስከ ነሐሴ 9 ቀን ድረስ ለሦስት ወር ዘጋች፤ ሐይቁን ከሚካፈሉት ከቡሩንዲ፣ ከኮንጎና ከዛምቢያ ጋር አስቀድማ በመስማማት፣ ዓሣው እየቀነሰ መሄዱ ቢታወቅም ገና ሳያልቅ፣ ጀልባዎቹን ወደ ዳር አወጣች። አንድ ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላ በሰኔ ወር ካናዳ በኒውፋውንድላንድ ባሕር ላይ የነበረውን የኮድ ዓሣ እገዳ ማንሣቷን አስታወቀች፤ ይህ እገዳ ሰኔ 25 ቀን 1984 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ሚኒስትር በነበሩት በጆን ክሮዝቢ ቃል ሲታወጅ ለሁለት ዓመት ብቻ ይቆያል ተብሎ የነበረ ሲሆን የቆየው ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው፤ በአንድ ቀንም 30,000 ያህል ሰዎችን ከሥራ አስወጥቶ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ከዚያ ባሕር የወጣው ኮድ 800,000 ቶን ያህል ነበር፤ እገዳው ሲነሣ የተፈቀደው ግን 18,000 ቶን ብቻ ነው። በሦስት ወር ረኃብና በአንድ ትውልድ ረኃብ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

የካናዳው ጥፋት ከድንቍርና የመጣ አለመሆኑ ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል፤ አገሪቱ ሊቃውንትም መርከብም ገንዘብም ነበራት፤ በባሕሩ ዳር በትንንሽ ጀልባ የሚያሰግሩት ድኾችም ዓሣው እያነሰና እየቀነሰ መሄዱን በ1970ዎቹ ዓመታት ደጋግመው ተናግረው ነበር። ዳሩ ግን መንግሥቱ ይመካበት የነበረው የትልልቆቹ መርከቦች ሒሳብ ነበር፤ የእነርሱም መረብ እስከ መጨረሻው ድረስ ሞልቶ ይወጣ ነበርና ሁሉ ደኅና መሰለ። ዓሣ ሲያንስ ከሰፊው ባሕር ወደ ጥቂት ስፍራ ይሰበሰባል፤ ብልኅ መርከብ ያን ስፍራ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ባሕሩ እየተራቆተ መረቡ ግን ይሞላል። ስለ አገራችን ሐይቆች ለመናገር የሚነሣ ሰው ይህን አንድ ነገር በልቡ ማኖር ያስፈልገዋል፤ መረብ መሙላቱ የሐይቅን ጤንነት አይመሰክርም።

አሁን ወደ ጫሞ እንምጣ። ጫሞ ከአርባ ምንጭ ከተማ በታች፣ ከአባያ በእግዜር ድልድይ ተለይቶ፣ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ዳር የተዘረጋ፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም የማያልፍ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ጎረቤቱ አባያ በስፋት ይበልጠዋል፤ ነገር ግን የአባያ ውኃ ከየወንዙ በሚገባው አፈር ደፍርሶ ቀይ ስለ ሆነና የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅበት እምብዛም ምግብ አያፈራም፤ ስለዚህ በጥናት ሰነዶች ሁሉ የሚጠቀሰው የዓመት ምርት ግምት ለአባያ 600 ቶን ሲሆን ለጫሞ 4,500 ቶን ነው። (ለጣና 10,000፣ ለዝዋይ 3,000፣ ለአዋሳ 600 ቶን ይባላል።) እነዚህ ቍጥሮች ከብዙ ዓመታት በፊት የተገመቱ ናቸው፤ ኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ተራሮች እየጠረገ የሚያመጣው ደለል፣ በሐይቁ ዳር እየተቃረበ የመጣው እርሻ፣ የውኃው ወሰን ከፍና ዝቅ ማለት ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ዛሬም እንደ ተጻፉ ከአንዱ ዕቅድ ወደ ሌላው ዕቅድ ይገለበጣሉ። ግምቱ በወጣበት ዘመን አገልግሎቱ ሐይቁ ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ለማመልከት ነበር፤ አሁን ግን እንደ ተሰጠ ፈቃድ ተቈጥሮ «ገና 4,500 ቶን አልደረስንም» የሚል ማመካኛ ሆኗል፤ እንዲህም የሚባለው የደረሱበትን በትክክል ሳይመዝኑ ነው።

በጫሞ የሚሰገሩት ዋና ዋናዎቹ ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች ናቸው። ናይል ፐርች ቁመቱ ከሰው ቁመት ሊስተካከል የሚችል፣ ሥጋው ነጭና አጥንቱ ለመለየት የማያስቸግር ታላቅ ዓሣ ስለ ሆነ ፊሌቶው በበረዶ እየታሸገ ወደ አዲስ አበባ ሆቴሎች ይጫናል፤ ቆሮሶው ደግሞ በየምግብ ቤቱ ሙሉውን ተጠብሶ በዳጣ ይቀርባል። የናይል ፐርች ሴቲቱ ከወንዱ ዘግይታና ከወንዱ ገዝፋ ነው ለመውለድ የምትደርሰው፤ ስለዚህ ገዝፋ ከመታየቷ በፊት የያዘ መረብ የያዘው አንዲት ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ገና ያልጣለችውን እንቁላል ሁሉ ነው። ቀድሞ የሐይቁ ክብር የነበረው ይህ ዓሣ ከምርቱ ውስጥ ያለው ድርሻ እየቀነሰ መሄዱን፣ ከሚወጡትም ብዙዎቹ ለመውለድ ያልደረሱ መሆናቸውን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። አስጋሪው ለዚህ የሰጠው መልስ የሚጠበቅ ነው፤ ትልቁ ዓሣ ሲጠፋ የመረቡን ዓይን አጠበበ፤ ትንሹ ሲገባለትም መረቡ ዳግመኛ ሞላ። ሦስት ጣት ያስገባ የነበረው የመረብ ዓይን ሁለት ጣት ሲያስጨንቅ ዓሣው መቀነሱን ከማንኛውም ሰነድ በፊት መረቡ ራሱ ተናግሯል፤ በገበያው ሚዛን ላይ ግን ኪሎው ያው ኪሎ ነው።

የቆሮሶ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ልብን ይነካል። ወንዱ በዳር በዳር፣ ውኃው ጥልቀት በሌለው ስፍራ፣ አሸዋውን በአፉ እየጫረ ክብ ጕድጓድ ይምሳል፤ ሴቲቱም እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዘዋለች፤ እስኪፈለፈልም፣ ከተፈለፈለም በኋላ ጫጩቶቹ ብቻቸውን ለመዋኘት እስኪችሉ ድረስ፣ ራሷ ምግብ ሳትበላ በአፏ ታሳድጋቸዋለች። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ወደ እናታቸው አፍ ይሸሻሉ። እንዲህ ያለችው እናት ዳሩን በሚጠርገው መረብ ተይዛ ከውኃ ስትወጣ አፏን ትከፍታለች፤ የያዘችውም እንቁላል እንደ ማር የቀላ ሆኖ በጀልባው ወለል ላይ ይፈስሳል። በገበያ የምትቈጠረው አንዲት ቆሮሶ ናት፤ በወለሉ ላይ የፈሰሰውን ማንም አይቈጥረውም። ኦሪት ዘዳግም ስለ ወፍ ጎጆ በደነገገው ሥርዓት እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ መውሰድን ከልክሏል፤ የጥንቱ ሕግ አውጪ ያሰበው የአዳኙን ርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚመጣውን ዓመት ገበታም ጭምር አስቦ ነበር።

እዚህ ላይ ከጊዜ አቈጣጠር የሚመጣ ችግር አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ትተን፣ የገበያው ሥራ ግን ግልጽ ነው፤ በዐቢይ ጾም ሥጋና ቅቤ ከገበታ ሲነሣ የዓሣ ፈላጊ በያገሩ ይበዛል፤ ዋጋውም ይወደዳል። የጾሙ መጨረሻ ከበልጉ ዝናብ መጀመሪያ ጋር ይገጣጠማል፤ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ መራባት የሚችል ቢሆንም የመራባቱ ሥራ ከዝናብ ጋር ይበረታል። እንግዲህ ገበያው አብዝቶ የሚጠራበት ወራትና ዓሣው ወደ ዳር ወጥቶ ልጆቹን የሚያሳድግበት ወራት ይጋጫሉ። አስጋሪው በዚህ ጊዜ መረቡን ወደ ዳር ቢጥል ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ዋጋ የመጣው በዚያ ወር ስለ ሆነ ነው። ሕግ አውጪ ሁሉ ይህን መገጣጠም ሳይመለከት «በመራቢያ ወራት ማስገር ክልክል ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ሕጉ የሚጋጨው ከስግብግብነት ጋር ብቻ ሳይሆን ከእንጀራ ጋር ነው።

ይኸው ግጭት በጣና ከዚህ በከፋ መልክ ታይቷል። በጣና የወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ከጥንት ጀምሮ ያሰግሩ ነበር፤ በ1978 ዓ.ም. ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በእርዳታ ገብቶ የንግድ ማስገር ተጀመረ። የታሰበው በጎ ነገር ነበር፤ ለባሕር ዳር አካባቢ ሕዝብ ምግብና ሥራ መስጠት። ጣና በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚኖሩ፣ ከአንድ አባት ወርደው በዚያው ውኃ ውስጥ የተለያዩ፣ ቍጥራቸው ከ15 የማያንስ የላቤዮባርበስ ዓሣዎች ወገን ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ይወጣሉ፤ በነሐሴና በመስከረም በጠጠሩ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ስለዚህ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የማይገኝ ዓሣ በክረምት በወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ በአንድ ሌሊት መረብ ሊያዝ ይችላል፤ በወንዙ ላይ ደግሞ ዓሣውን የሚመርዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚጨምር አለ። በጣና የደች ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሐይቁን የዘጋው ሰው አልነበረም፤ የሚዘጋበትም ሕግ አልነበረም።

ሕጉ በኋላ መጣ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ታወጀ፤ በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ከለከለ፤ ፈቃድ ሳይኖር ማስገርን አገደ፤ የሚገባውን መሣሪያና አጠቃቀም ለመወሰን መንገድ ከፈተ። የአማራ ክልልም ስለ ጣና የራሱን አዋጅ አወጣ፤ በክረምት በወንዞቹ አፍ እንዳይሰገር የሚል ድንጋጌም አለ። እነዚህን ሕጎች የሚነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ያለ እነርሱ ምንም አልነበረም። ነገር ግን ጕድለታቸው አንድ ነው፤ እርሱም የሚዘጉት በቀን መቍጠሪያ እንጂ በምርት ቍጥር አለመሆኑ ነው። የቀን መቍጠሪያ በየዓመቱ አንድ ነው፤ ሐይቅ ግን በየዓመቱ አንድ አይደለም። ዝናብ በዘገየበት ዓመት ዓሣው ዘግይቶ ይወጣል፤ የተዘጋው ወራት ሲያልቅ ገና እንቁላሉን አልጣለም። ደግሞም መረብ ያጠበበ አስጋሪ ከተዘጋው ወራት በፊት ባሉት ሳምንቶች የዓመቱን ሁሉ ሊወስድ ይችላል፤ የቀን መቍጠሪያው ለእርሱ ምንም አይለውም። የማስገርን ዘመን አሳጥሮ በጊዜ ለመዝጋት የሚችለው፣ ዛሬ ከሐይቁ የወጣውን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ቍጥር ሲባል ብዙ መሣሪያና ብዙ ሊቅ የሚያስፈልገው የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአላስካ በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ ወንዞች ዳር ማማዎች ቆመዋል፤ በነዚያ ላይ ሰው ተቀምጦ በግልጹ ውኃ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣውን የሳልመን ዓሣ በዓይኑ እየቈጠረ ይመዘግባል፤ ከየሰዓቱም የተወሰነውን ደቂቃ ብቻ ቈጥሮ ቀሪውን በሒሳብ ያሰላል። ለመራባት የሚበቃው ሲያልፍ ማስገሩ ይከፈታል፤ ሳያልፍ ከቀረ በአንድ ቀን ትእዛዝ ይዘጋል። የአላስካ ሕዝብ ይህን ሥርዓት የሠራው ከመልካም ልብ ብቻ አልነበረም፤ ከ1951 ዓ.ም. በፊት፣ አላስካ ገና ክፍለ ግዛት ሳትሆን፣ የፋብሪካ ባለቤቶች ወጥመድ ሳልመኑን ጠርጎ ስለ ነበር፣ ሀብቱን በእጁ ባስገባ ጊዜ መጀመሪያ የከለከለው ወጥመዱን ነው። ዮሐንስ ወንጌላዊ በጥብርያዶስ ባሕር ከትንሣኤ በኋላ የተያዘውን ዓሣ ሲጽፍ 153 መሆኑን ለይቶ መዝግቧል፤ መረቡም እንዳልተቀደደ ጨምሯል። ቍጥሩን የቅዱሳን አባቶች በብዙ ምሥጢር ተርጕመውታል፤ እኔ ግን አንድ አስጋሪ የነበረ ሐዋርያ ከጌታው ጋር ሊመገብ ሳለ እንኳ የያዘውን መቍጠሩን አልረሳም እላለሁ።

ነገር ግን ቍጥርም ብቻውን አይበቃም፤ ይህን አለመናገር አንባቢን ማታለል ይሆናል። በዚያው በአላስካ የሃሊበት ዓሣ መጠን ለመላው ባሕር በአንድነት ይወሰን ነበር፤ መጠኑ ሲሞላ ማስገሩ ይዘጋል። ውጤቱ ምን ሆነ? እያንዳንዱ ባለ ጀልባ ሌላው ሳይቀድመው ለመያዝ ስለ ሮጠ ዘመኑ ከወራት ወደ ሳምንታት፣ ከሳምንታትም ወደ ጥቂት ቀናት፣ በመጨረሻም በአንዳንድ ስፍራ ወደ 24 ሰዓት አጠረ፤ በማዕበል የወጡ ሰዎች ሞቱ፤ ዓሣው በአንድ ቀን ገበያውን ስላጥለቀለቀው ዋጋው ወደቀ። በ1987 ዓ.ም. መጠኑን ለየባለ ጀልባው ድርሻ አድርገው ሲያካፍሉት ሩጫው ቆመ። ስለዚህ በጫሞ «ይህን ያህል ቶን ሲወጣ እንዘጋለን» ብሎ በአደባባይ ማወጅ ብቻውን በማግስቱ ሁሉም ሰው መረቡን ይዞ ወደ ዳር እንዲሮጥ መጥራት ይሆናል። መዝጋት ከድርሻ ጋር ካልተያያዘ ራሱ የጥፋት ምክንያት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ የአስጋሪዎች ማኅበር ዘመኑ ሳይጀመር ድርሻው ከታወቀ ግን፣ ድርሻውን የጨረሰ ማኅበር በራሱ ጊዜ ይዘጋል፤ የጎረቤቱንም ድርሻ ማንም ሳይቀጥረው ይጠብቃል፤ ጎረቤቱ ከድርሻው ቢያልፍ የሚጎዳው እርሱ ነውና።

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፣ ከያቤሎም እስከ ሞያሌ ባሉት የቆላ ከተሞች የሚኖር አንባቢ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው ሊል ይችላል፤ የቦረና አርብቶ አደር ዓሣን ከጥንት ጀምሮ እምብዛም አይበላም፤ ሀብቱ ከብት ነውና። እኔ ግን እንዲያውም በጊዜ ስለ መዝጋት ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ እዚህ አለ እላለሁ። ቦረና የግጦሽ መሬት ሣሩ ገና ለምልሞ ሳለ ከልሎ ይዘጋዋል፤ ካሎ ይባላል፤ ሣሩ የሚዘጋው ስላለቀ ሳይሆን ቦና የሚባለው ደረቅ ወራት ሲከርር ለጥጃዎችና ለደካማ ከብት እንዲተርፍ ነው። ይህ በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ያለ፣ ያለ አዋጅ ቍጥር የሚሠራ፣ ሳያልቅ የመዝጋት ሥርዓት ነው። በዱብሉቅና በሌሎቹ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች ደግሞ ውኃው በየከብቱ ተራ ይከፋፈላል፤ አባ ሄሬጋ የሚባለው ኃላፊ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ይወስናል፤ ባለ ብዙ ከብቱም ሆነ ባለ ጥቂቱ ተራውን ይጠብቃል። ድርሻ አስቀድሞ የታወቀበት፣ የሚዘጋውም ሰው ከተዘጋባቸው ጋር በአንድ ዛፍ ሥር የሚቀመጥበት፣ የራሱም ከብት የሚጠማበት ሥርዓት ስለ ሆነ ነው ቃሉ የሚከበረው። በጫሞ ግን መዝጊያው ደብዳቤ የሚመጣው ከሐይቁ ርቆ ካለ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የጻፈውም ሰው በሚዘጋው ወር ደመወዙ አይቋረጥም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ዝናብ በተከታታይ በቀረበት ድርቅ የደቡቡ ቆላ ከብት በብዛት አልቋል፤ ብዙ ወጣት ከብት ሳይኖረው ወደ ከተማ ገብቷል፤ ሥራ ፍለጋም ወደ ሐይቆቹ የሚሄድ አለ። በሌላ ወገን ደግሞ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ያስጀመረው የሌማት ትሩፋት የሚባለው መርሐ ግብር የወተቱን፣ የእንቁላሉን፣ የማሩንና የመሳሰለውን ምርት በየቤቱ ለማብዛት የታሰበ ነው፤ አሳቡ መልካም ነው። የዓሣ ምርት ግን ከወተት ምርት የሚለይበት ነገር አለ፤ ላምን አብዝቶ መመገብ ወተቷን ያበዛል፤ ጀልባን አብዝቶ መስጠት ግን ሐይቁን አያበዛውም። በየዓመቱ የሚወጣው ዕቅድ ባለፈው ላይ መጨመርን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ ለወጣቶች ማኅበራት የሚታደለው መረብና ጀልባ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ሐይቁን ከመዝጋት ይልቅ ወደ መራቆት ያደርሰዋል። የዓሣ ምርትን ማብዛት የሚቻለው በኩሬ በማርባት ነው፤ ከሐይቅ የሚወጣው ግን እንዲያውም የሚቀነስበት ዓመት ሊኖር እንደሚችል በዕቅዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ በዚያ ዓመት ሐይቁን የሚዘጋ ባለሙያ ዕቅድ አላሟላም ተብሎ ይወቀሳል።

የሚዘጋበትን ወር ወጪ ማን ይሸከመዋል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ነው። የጫሞ አስጋሪ የዕለት እንጀራው ከዕለቱ መረብ ነው፤ መረቡንም ብዙ ጊዜ በብድር ገዝቷል፤ አዞ ሲቀደው ደግሞ እንደ ገና ይበደራል። ለሦስት ወር ቤትህ ተቀመጥ የሚለውን ትእዛዝ ያለ ምንም ምትክ ቢያከብር ይራባል፤ ባያከብር ሕገ ወጥ ይባላል። ኬንያ በ1993 ዓ.ም. የናይቫሻን ሐይቅ ለአንድ ዓመት ሙሉ ስትዘጋ ሐይቁ ትንሽና ጥልቀት የሌለው፣ ከኛ ሐይቆች ጋር በስምጥ ሸለቆ የሚዛመድ ነበር፤ የዘጋችውም ዓሣው ከወደቀ በኋላ ስለ ነበር አንድ ዓመት አስፈለገ። እያንዳንዱ ወር በዘገየ ቍጥር የሚከፈለው ዓመት ይሆናል። ቦረና ከብቱ ያለቀበትን ወንድሙን በቡሳ ጎኖፋ ያቋቁመዋል፤ ጎሣው ተሰብስቦ ላም ይሰጠዋል፤ የኦሮሚያ ክልልም ይህን ሥርዓት ተቀብሎ መሥሪያ ቤት አቁሞለታል። በሐይቁ ላይ ግን ይህን የሚያህል ነገር የለም፤ ከዓሣው ዋጋ የሚበልጠውን የሚወስዱት ፊሌቶውን ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑትና በሆቴል የሚሸጡት ሆነው ሳለ፣ ሐይቁ ሲዘጋ የሚራበው መረብ የጣለው ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ኪሎ ፊሌቶ የተወሰነ ሳንቲም ተቀንሶ በማኅበራቱ ስም ቢቀመጥና በተዘጋው ወራት ለአስጋሪው ቤተ ሰብ ቢከፈል፣ የመዝጋቱ ወጪ ዓሣውን በሚበላው ሁሉ ላይ ይከፋፈል ነበር፤ አስጋሪውም ሐይቁን ከዘጊው ባልተናነሰ ይጠብቀው ነበር።

የአስተዳደሩም ነገር አለ። ጫሞ በአንድ አስተዳደር ውስጥ አይደለም፤ በምዕራቡ ጋሞ፣ በምሥራቁ ኮሬ ያዋስኑታል፤ አባያም በምሥራቁ በኩል ከኦሮሚያ ምዕራብ ጉጂ ጋር ይገናኛል። በአርባ ምንጭ በኩል መረብ ቢወጣ በማዶው በኩል መረብ ይገባል፤ ዓሣው የክልልና የዞን ድንበር አያውቅም። ታንጋኒካ በአራት አገሮች መካከል ሳለ ሊዘጋ ከተቻለ፣ በአንድ አገር ውስጥ ያለ ሐይቅ በሁለት ዞኖች መካከል ሊዘጋ አይችልም ማለት ለመቀበል ያስቸግራል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን በየማረፊያው ዳር አንድ ሚዛንና አንድ መዝገብ ነው፤ የዓሣው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ርዝመቱ፣ የያዘው መረብ የዓይኑ ስፋት። ይህንን መጻፍ የሚችል ወጣት በየቀበሌው አለ፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከሐይቁ የሚለየው የጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።

ስለ ነገሌ ቦረናና ስለ ጉጂ አካባቢ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቍመቱ 110 ሜትር የሆነውና 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በጥር 2012 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ ከኋላው የተኛው ውኃ በዚህ በኩል ያለ ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። አዲስ የተገደበ ውኃ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣ በብዛት ይሰጣል፤ ምክንያቱም የሰመጠው ሣርና አፈር ለውኃው ምግብ ይሆናልና፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይህ በረከት ይወርዳል፤ በበረከቱ ዘመን የተደራጁት ማኅበራትና የተገዙት ጀልባዎች ግን አይወርዱም። ከጣናና ከጫሞ የሚለየን አንድ ዕድል እዚህ አለን፤ የመጀመሪያው መረብ ሲጣል መዝገቡ አብሮ ሊከፈት፣ የማኅበራቱ ቍጥር ከውኃው አቅም በታች ሊወሰን፣ ድርሻቸውም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በኪሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህንም ለመወሰን ከየወረዳው አስተዳዳሪዎች ጋር የአካባቢው አባ ጋዳዎች አብረው ሊቀመጡ ይገባል፤ የስብሰባውም ጊዜ ጋና የሚባለው የበልግ ዝናብ ከመዝነቡ በፊት ሊሆን ያስፈልጋል፤ ዓሣው ወደ ገባሮቹ ሊወጣ የሚችለው በዚያ ዝናብ ነውና።